ግድቡን የቀደደው ሰው

የዱሊ አስከሬን የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እርሻው ላይ በተኛው ውኃ ውስጥ፣ ዳክዬዎቿ በዙሪያዋ እየዋኙ።

ከእምቦጩ መሀል ያወጣት አባቷ ኢንታዝ ራሱ ነው። ጀልባው ወለል ላይ አስተኛት፤ እርጥብ ፀጉሯን ከፊቷ ላይ ገለጥ አደረገ።

"ትናንት ሲመሻሽ ዳክዬ ልትሰበስብ ወጣች" አለ። "ውኃው በድንገት መጣ።"

ውኃው የመጣው ወንዙን ከእርሻው በሚለየው፣ በተቀደደው የአፈር ግድብ በኩል ነው። ግድቡን የቀደደው ደግሞ ወንዙ አይደለም፤ ሰው ነው። ዶማው የነከሰበት ቦታ ገና ይታያል።

ምክትል ኢንስፔክተር ሞክሌሱር በጀልባ ሲደርስ መንደሩ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቀው። ሉትፎርን፣ ሽሪምፕ የሚባለውን የባሕር እንስሳ በጨው ውኃ የሚያረባባቸውን ኩሬዎች ጌታ፣ ኮኮናት ዛፍ ላይ ጠፍረውታል። ከንፈሩ ደምቷል።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!" አለች አንዲት አሮጊት ፖሊሱን እያየች።

"ፍቱት።"

"ከፈታነው ያመልጣላ!"

"ወዴት ነው የሚያመልጠው እማማ? ዙሪያው ውኃ ነው።"

እውነቱን ነው። ኮልሻዳንጋ ወረዳ ሞክሌሱር ተወልዶ ያደገባት ናት። በወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ የመንደሩ ብዛት፣ መስጊዱ፣ ቤተ መቅደሱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የሩዝ እርሻው ስፋት ሁሉ ተጽፎበታል። ወንዙ በደለል ከተሞላ ወዲህ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ መውጫ አጥቶ እርሻው ላይ ይተኛል። ሰሌዳው ይህን አይናገርም። ሰሌዳ ምን ቸገረው!

ሉትፎር ተፈታ።

"ግድቡን ሰው ሳያይ መቅደድ የሚቻለው ትናንት ቀትር ላይ ነው። ያን ጊዜ የት ነበርክ?"

"መስጊድ። የዓርብ ጸሎት አይደል? ወንድ የተባለ ሁሉ እዚያው ነበር። ኢማሙን ይጠይቁ።"

"ሁሉም?"

"ከሞፋዛል በቀር። እሱማ ምስኪን፣ የሚስቱን ሬሳ በጀልባ ይዞ ወደ ወንድሟ አገር ሄዶ ነበር፤ ዛሬ ማለዳ ነው የተመለሰው። እዚህ መቃብሩ ሁሉ ውኃ ውስጥ ነው።"

ሞክሌሱር ሰማና አለፈው። ሐዘንተኛን ማን ይጠረጥራል?

ወደ ግድቡ ወጣ። የተቀደደውን ዞሮ አየ። በወንዙ በኩል፣ ቁጥቋጦው ላይ፣ ብዙ እምቦጭ ተንጠልጥሏል። ቆመና አሰበ። ወንዙ ባሕሩ በቀን ሁለቴ እየሞላው እየሸሸለት የሚውል ጨዋማ ወንዝ ነው፤ እምቦጭ ደግሞ ጨው አይችልም። ስለዚህ ይህ እምቦጭ ከእርሻው የወጣ ነው። ውኃው መጀመሪያ ወጥቷል፤ የገባው ወንዙ ሲሞላ፣ ኋላ ነው።

"ሉትፎር አይደለም" አላቸው ተመልሶ። "ሉትፎር ጨው ውኃ ማስገባት ነው የሚፈልገው። የቀደደው ሰው ግን ውኃ ሊያስወጣ ነው የፈለገው።"

"ውኃ እንዲወጣለት የማይፈልግ ማን አለ?" አለ ኢንታዝ። "እኔም እፈልጋለሁ። እኔን እሰረኛ!"



በዚህ መሀል አንዲት ጀልባ ቀረበች። የወረደው ሰው ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል፤ የሞፋዛል ሚስት የሶኪና ወንድም ናዚም ነው። ከሰዉ መሀል የቆመውን ሞፋዛልን አንገቱን አቅፎ አለቀሰ።

"መርዶውን ዛሬ ጠዋት ሰማሁ" አለ። "በል ውሰደኝ፤ መቃብሯን አሳየኝ።"



"እናንተ ዘንድ አይደል እንዴ የተቀበረችው?" አለ ኢንታዝ።

"እኛ ዘንድ ማን አመጣት?"

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል። የሞፋዛል ውሸት ሁለት ቀን እንኳ አልሞላም።

"ሞፋዛል" አለ ሞክሌሱር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሶኪና የት ናት?"

"ልጃችን አጠገብ።"

"የትኛው ልጅ?"

"ገና ጡት ሳይጥል የሞተብን። እሱ አጠገብ አስተኛኝ ብላ አስማለችኝ።" መሬት ላይ ተቀመጠ። "መቃብሩ ጉብታ ላይ ነው። ውኃው ክንድ ያህል ቢጎድል ይበቃ ነበር። ወንዙ ሲሸሽ ቀደድኩት። ጉብታው ብቅ አለ፤ ቀበርኳት። ልደፍነው ስመለስ አፈሩ ጭቃ ሆኗል። ስከምረው ይሄዳል፣ ስከምረው ይሄዳል። ከዚያ ወንዙ መጣብኝ።"

"ታዲያ አትጮኽም ነበር?"

"ፈራሁ።"

"ሉትፎር ሲገረፍስ?"

ሞፋዛል አቀረቀረ።

ኢንታዝ ተጠጋው። ሁለቱ በአንድ ግቢ ያደጉ ናቸው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እምቢ ትለኛለህ ብዬ።"

"እምቢ እልህ ነበር" አለ ኢንታዝ። "ልጄም በሕይወት ትኖር ነበር።"

ሞክሌሱር ካቴናውን አወጣ። በአገልግሎት ዘመኑ እንዲህ እጁ ከብዶት አያውቅም። ሞፋዛል ሁለት እጁን ራሱ ዘረጋለት።

"አሁን ዱሊን የት ላድርጋት?" አለ ኢንታዝ፣ ማንን እንደሚጠይቅ ሳያውቅ።

ናዚም እንባውን ጠረገ። "እኛ ዘንድ ደረቅ አፈር አለ፣ ወንድሜ። ለእህቴ ይሆን የነበረው ቦታ ለልጅህ ይሁን።"

"ሩቅ ነው?"

"ሩቅ ነው።"

ኢንታዝ ሞፋዛልን አየው። ሰውየው ግድቡን ለምን እንደቀደደ ያን ጊዜ ገባው። ስለገባው ግን ይቅር ሊለው አልቻለም።