የፊት ግራ ጎማ

«አጥፊያት አልኩሽ እኮ!»

«አጠፋኋት። ተመልሳ በራች።»

«እንደገና አጥፊያታ!»

ፊውዝ የመኪናዋ የሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከመሪው ሥር በተሰካ ገመድ ከመኪናዋ ጋር የተገናኘው የመመርመሪያ ታብሌት ጉልበቷ ላይ ነው። «ስህተቶችን አጥፋ» የሚለውን እንደገና ነካችው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቢጫ መብራት ድርግም ብላ ጠፋች። በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ሲያይ የነበረው ታላቅ ወንድሟ እፎይ አለ። ቦታ ለቀቀችለትና መኪናዋን አስነስቶ የጋራዡን ግቢ ሊዞር ሄደ። አጥሩ ጋ ደርሶ መሪውን ወደ ግራ ሲያጥፍ መብራቷ ምንም እንዳልተባለች ሁሉ ቦግ አለች።

በእውነተኛ ስሟ የምትጠራው ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ጋራዡ ውስጥ ግን ድክ ድክ ስትል ጀምሮ ፊውዝ ናት፤ ትንሽ ነገር ከበዛባት ትቃጠላለችና። አሥራ አምስት ዓመት ከሞላት ወዲህ መቃጠሉን ቀንሳለች፤ ስሙ ግን እንደ ግራሶ ተጣብቆባት ቀርቷል።

ጋራዡ የአባታቸው ነው። አባታቸው ሌላ ከተማ ቆሞ የቀረ የጭነት መኪና ሊጠግን ሲሄድ፣ የሲስተርን መኪና ቁልፍ ለወንድሟ ወርውሮለት ነበር። «ይቺ ሥራ ያንተ ናት። እኔን አትጠብቅ» ብሎት ነበር የሄደው። ወንድሟ ለዓመታት ብሎን ሲያጥብ፣ ጎማ ሲፈታ፣ የአባቱን መብራት ይዞ ሲቆም የኖረ ልጅ ነው። ቁልፉን ሲቀልብ ፊቱ ላይ ስጋት ሲያልፍ ፊውዝ አይታለች። እንዳላየች ሆና አለፈች እንጂ።

ሲስተር አዋላጅ ነርስ ናት። የሰፈሩን ልጆች ግማሹን ወደዚህ ዓለም የተቀበለች እሷ ናት ይባላል፤ ፊውዝንም ጭምር። መኪናዋ በዕድሜዋ ገፍታለች እንጂ በዘመኗ የሀብታም መኪና ነበረች። አሞርዛተሮቿ፣ ማለትም መኪናዋ ጉድጓድ በመታች ቁጥር እንዳትዘል ንዝረቱን ውጠው የሚያስቀሩት ዘንጎች፣ እንደ ሌላው መኪና ተራ አልነበሩም። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሽቦ አላቸው። ኮምፒዩተሩ የመንገዱን ጠባይ እያየ ሲያሻው ያጠነክራቸዋል፣ ሲያሻው ያለሰልሳቸዋል። እነዚህ ዘንጎች አርጅተው ዘይታቸውን ስላፈሰሱ መኪናዋ በየጉድጓዱ እንደ ጀልባ ትወዛወዝ፣ ዳሽቦርዱ ላይም የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ አልፎ አልፎ ብቅ ይል ጀመር። በዓይነታቸው ለመተካት ደግሞ ሌላ መኪና መግዛት ይቀላል። ስለዚህ አባታቸው ከሲስተር ጋር ተነጋግሮ ተራ አሞርዛተር እንዲገጠምላት ተስማሙ።

ወንድሟ ሥራውን አሳምሮ ሠራው። አሮጌዎቹን ነቀለ፣ አዲሶቹን ገጠመ፣ ብሎኖቹን በልኩ አጠበቀ። መኪናዋ ስትነሳ ግን ኮምፒዩተሩ ከበፊቱ ብሶበት ጫጩቶቿ እንደጠፉባት ዶሮ ይንጫጫ ጀመር። «የአሞርዛተር ብልሽት! በዝግታ ይንዱ!» የሚል ጽሑፍ ዳሽቦርዱን ሞላው። ይህ የሚጠበቅ ነበር፤ የሚፈልጋቸው ዘንጎች የሉማ። ታብሌቱን ከቤቱ ሰው ሁሉ አብልጣ የምታውቀው ፊውዝ የመኪናዋ ዕቃዎች በተመዘገቡበት ገጽ ገብታ «ኤሌክትሮኒክ» የሚለውን «ተራ» በሚለው ቀየረችው። ኮምፒዩተሩ እርሙን አወጣና ዝም አለ። ወንድሟ በደስታ ከመሬት አንስቶ አሽከረከራት።

ቢጫዋ መብራት የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። እሷ ደግሞ የአሞርዛተር ሳትሆን የፍሬን ናት።

«ያው አንድ ናቸው» አለ ወንድሟ ከመኪናዋ እየወረደ። «ሽቦ ስለነቀልን ነው የተደናበረው። ያኛውን እንዳጠፋሽው ይቺንም ከሥሯ ንቀያት።»

«ያኛው የሌለ ዕቃ ስለሚፈልግ ነው የጮኸው። ይቺ ምን ፈልጋ እንደምትጮህ ገና አላወቅንም።»

«ኧረ በእናትሽ!»

«እናታችን አንድ ናት፤ እሷን አትጥራብኝ። ይልቅ ንዳ፣ ልይ።»

ጎኑ ተቀመጠችና የአራቱን ጎማዎች ፍጥነት የሚያሳየውን ገጽ ከፈተች። ወንድሟ ግቢውን በዝግታ ዞረ። አራቱም ቁጥሮች እንደ ወንድማማች አብረው ከፍ ዝቅ ይላሉ። መሪው ወደ ግራ ሲዞር ግን ሦስቱ ሲሄዱ አንዱ ዜሮ ላይ ድርቅ አለ። የፊት ግራ ጎማ። መሪው ሲቃና ተመልሶ ነፍስ ዘራ።

«አየህ? ጎማው እየዞረ መኪናዋ ቆሟል ብላ ታስባለች።»

ወንድሟ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ጎማው አጠገብ ተንበረከከና በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ አየ። ፊውዝም አጠገቡ ተንበረከከች። ከጎማው የፍጥነት መለኪያ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ በአሮጌው አሞርዛተር ወገብ ላይ በነበረ ማቀፊያ ነበር የሚያልፈው። አዲሱ ማቀፊያ የለውም። ሽቦው ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ መሪው በዞረ ቁጥር ይወጠራል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ልባሱ ተፍቆ ሳስቷል።

ወንድሟ የተፋቀውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰው።

«ይኼ ካልሠራ» አለች ፊውዝ «ድንገት ፍሬን ስትይዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ነገር አይሠራም።»

«አውቃለሁ ምን እንደሆነ! አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» ድምፁን ወዲያው ዝቅ አደረገ። «ሽቦው ከውስጥ ከተበጠሰ አዲስ ያስፈልገዋል። መለዋወጫ ሱቁ ደግሞ ቅዳሜ ከረፋድ በኋላ አይከፍትም። ሲስተር አሁን ትመጣለች። አባባ ማታ ይገባል።»

«ታዲያ እንንገራታ።»

«ምን ብዬ? ‹የመጀመሪያ ሥራዬን አበላሸሁት› ብዬ? አባባ ነገ መልሶ ብሎን አጣቢ ነው የሚያደርገኝ።» እጁን ቱታው ላይ ጠረገ። «ስሚኝ። ፍሬኑ ራሱ ይይዛል፤ እሱ ምንም አልሆነም። መብራቷ እንዳትታይ ብቻ አድርጊያት። ሰኞ ‹ብሎኑን ላጥብቅልዎት› ብዬ እጠራትና ሽቦውን እቀይራለሁ። ማንም ሳያውቅ ያልቃል። ሁለት ቀን ናት፤ አታካብጂ።»

ፊውዝ እንደ ልማዷ ልትቃጠል ፈልጋ ነበር። ግን የወንድሟን ፊት አየችው። ቁልፉን የቀለበ ዕለት የነበረው ፊት ነው። የግቢው በር ተንኳኳ።

«በናትሽ» አለ፣ በዚህ ጊዜ በሹክሹክታ።

ታብሌቱን አነሳች። «የማስጠንቀቂያ መብራቶች» ወደሚለው ገጽ ገባች። «አሳይ» የሚለውን «ደብቅ» በሚለው ቀየረች። ቢጫዋ መብራት ጠፋች። ወንድሟ ጀርባዋን መታ መታ አድርጎ በሩን ሊከፍት ሮጠ።

ሲስተር ቦርሳዋን በብብቷ ሸጉጣ፣ ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች። ውጭ ማካፋት ጀምሮ ነበር። መኪናዋን ዞራ አየቻት፣ ኮፈኑን በመዳፏ ተጫነችው፤ መኪናዋ ዝቅ ብላ ሳትወዛወዝ ቀና አለች።

«ኧረ! ወጣት ሆና የለም እንዴ!» ብላ ሳቀች። «ባለፈው አንዷን ምጥ የያዛትን ሴት ከኋላ አስተኝቼ ከላይ መንደር ሳወርድ፣ በየጉድጓዱ እሷ ስትጮህ እኔም አብሬ እያማጥኩ ነበር የወረድኩት። ማናችን ቀድመን እንደምንወልድ እግዜር ይወቅ።»

ወንድሟ ከልቡ ሳቀ። ፊውዝ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«ዛሬም ወደዚያው ነኝ» አለች ሲስተር የሾፌሩ ወንበር ላይ እየተቀመጠች። «ቁልቁለቱ በዝናቡ ሳሙና ሆኗል ብለው ደውለውልኛል። ያ የሚጮኸው ጽሑፍስ? እሱ ነው ከሁሉ የባሰ እንቅልፍ የነሳኝ።»

«ጠፍቷል ሲስተር። ዳሽቦርዱን ይዩት፤ ንጹሕ ነው» አለ ወንድሟ።

ሲስተር ቁልፉን አዞረች። መብራቶቹ ሁሉ አንድ ጊዜ በርተው ጠፉ። አንድም አልቀረ።

«ማን ነው ያጠፋው? አንቺ ነሽ?» አለችና ወደ ፊውዝ ዞረች። «ጎበዝ! እኔ እነዚህን ነገሮች ሳይ ዓይኔ ይፈዛል። ‹ይሁን› ያለውን አምኜ መንዳት ብቻ ነው የማውቀው።»

«ታብሌቱን ንቀይው፣ ሲስተር ትቸኩላለች» አለ ወንድሟ።

ፊውዝ በሌላው በር ገብታ ጎኗ ተቀመጠች። ገመዱ ያለው ከሲስተር ጉልበት አጠገብ ነው፤ አጎንብሳ ያዘችው። የሲስተር ጫማ የፍሬኑ መርገጫ ላይ አርፎ አየች። ጠፍጣፋ፣ ጫፉ በጭቃ የተለወሰ፣ ብዙ የሄደ ጫማ። ገመዱን አልነቀለችውም። ቀና አለችና ታብሌቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ያንኑ ገጽ መልሳ ከፈተች። ጣቷ ትንሽ አመነታ። ከዚያ «አሳይ» የሚለውን ነካች።

ቢጫዋ መብራት ቦግ አለች።

«ውይ! ይኼ ደግሞ ምንድነው?» አለች ሲስተር።

ፊውዝ ታብሌቱን ዝቅ አደረገች። በሾፌሩ መስኮት በኩል ውጭ ወደቆመው ወንድሟ አየች። ወንድሟም እሷን አየ። ዓይኑ ውስጥ ያየችው ቁጣ ይሁን ልመና አልለየላትም። ዝናቡ የጋራዡን ቆርቆሮ ይጠበጥባል። አሁን ቢዋሽ እሷ አፏን ለመክፈት ተዘጋጅታለች።

«የፍሬን ናት፣ ሲስተር» አለ በመጨረሻ። «አሞርዛተሩን ስገጥም የፊት ግራ ጎማውን ሽቦ አላሰርኩትም። ተፍቋል። እዚያ ቁልቁለት ላይ ጎማው ሊቆለፍብዎት ይችላል። ሰኞ ዕቃው እስኪመጣ ባይነዷት ይሻላል።»

ሲስተር ሞተሩን አጠፋች። «ቅድም ግን አልነበረችም።»

«ደብቄያት ነበር» አለች ፊውዝ። «እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ ደብቂ ያልኳት» አለ ወንድሟ ቶሎ ብሎ።

ሲስተር አንዴ እሷን አንዴ እሱን እያየች ቆየች። ሳቋ ከፊቷ ጠፍቷል። «ወላድ ጭኜ እንደምወርድ እየነገርኳችሁ?» አለች። ድምፅዋን አላነሳችም፤ ብትጮህባቸው ይሻላቸው ነበር። ቦርሳዋን ከኋላ ወንበር አነሳች። «የምሄድበትን ትራንስፖርት ልፈልግ። ሰኞ እመጣለሁ። ሰኞ ደግሞ ራሴ ጎንበስ ብዬ ነው የማየው፤ በመብራት አላምንም።» ጃንጥላዋን ዘረጋችና ወጣች። አላመሰገነችም፤ አልረገመችምም።

ወንድሟ ወደ ዕቃ መደርደሪያው ሄደ። ክሪኩን አመጣና መኪናዋን አነሳ። ጎማውን ፈታ። ፊውዝም ሳትጠየቅ ባትሪውን ይዛ አበራችለት። ሽቦውን በጣቱ ሲያጥፈው ከልባሱ ሥር የመዳብ ጭራ ብቅ አለ።

«አንድ ክር ነው የቀረው» አለ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ቀጥሎ ቀና ብሎ አያት። «ልታሳጪኝ ነበር እንዴ፣ ባልናገር?»

«አዎ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ፊውዝ» አለ። ስድብ አይመስልም ነበር።

አዲሱ አሞርዛተር ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ የት ቢታሰር ሽቦው እንደማይወጠር ይለኩ ጀመር፤ መሪውን እሷ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ታዞራለች፣ እሱ ከሥር ያያል። በዚህ መሐል የመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጠራ። አባታቸው ነው። የወንድሟ እጅ እስከ ክርኑ ግራሶ ነበር።

«አንሺው» አላት። «መኪናዋ አልቃለች ወይ ሊል ነው። የሆነ ነገር በዪው፤ አንቺ ስትነግሪው ይሻላል።»

ፊውዝ ስልኩን አነሳች። ጣቷ አረንጓዴው ምልክት ላይ እንዳለ ምን ማለት እንደምትችል አሰበች። አለሳልሳ ልትነግረው ትችላለች፤ አባቷ ለእሷ አይጨክንም። ስልኩን ከፈተችው። ወደ ጆሮዋ ግን አልወሰደችውም። መኪናዋ ሥር ጎንበስ አለችና ወንድሟ ጆሮ ላይ ለጥፋ ያዘችለት።

ወንድሟ ዓይኑን አፈጠጠባት። «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል የአባታቸው ድምፅ።

«አባባ» አለ ወንድሟ። ሽቦውን ከእጁ ለቀቀ። «ደህና ነን። አይ... አላለቀችም። ቆይ፣ ልንገርህ።»

ፊውዝ ክንዷ እስኪዝል ድረስ ስልኩን ሳታወርድ ያዘችለት።