ባዶው የንጉሥ ቋጠሮ

ዘምሪት ሕፃን ሳለች፣ በሐዜራ ከተማ ግምጃ ቤት ደጅ እናቷን ስትጠብቅ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰምታ ነበር። «ድጋፉን እንስጣቸው፤ አዋጁም ይነገር፤» አለ አንዱ። ሌላው የመለሰውን ዘመን በላው፤ የቀራት ሳቁ ብቻ ነው፣ ደረቅ፣ እንደ ሳል ያለ።

አዋጁ እውነትም ተነገረ። የነፋስ መዘውር ለሚተክል ሁሉ መሬት ያለ ግብር፣ ግንድ ከንጉሡ ደን፣ ነፋስ ለማይነፍስባቸው የጭርታ ወራትም ነፋስ የተቋጠረበት ገመድ ይሰጠው ጀመር። ገመዱ መዘውሩ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ በእጅ አይፈታም፤ ነፋሱ በራሱ ጊዜ ይወጣል ይባላል። የንጉሥን ስጦታ ፈትቶ ማየት ንጉሡን መጠርጠር ነውና ማንም አልደፈረም። መዘውሩ በጋውን ሙሉ ሳይዞር ከቆመ ግን መሬቱ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል።

ዘንድሮ ነፋስ ጨርሶ ጠፋ። የዘምሪት እናት በአዋጁ የተከለችው መዘውር መዞሩን አቆመ፤ የከሰል ነጋዴዎችም አጥሩን እየዞሩ መሬቱን በዓይናቸው መለካት ያዙ። የግምጃ ቤቱ ሹም በጅሮንድ ከልቃድ አደባባይ ወጥቶ፣ «ነፋሳችንን የሰረቀው በተራራው ያለው አውሬ፣ ዐውላ ነው! ልቡን የወጋ ሐዜራን ያድናል!» አለ።

ዘምሪት ጦሯን አነሣች። «የሰማይ አምላክ ምስክሬ ይሁን! ነፋሱን ሳልመልስ የእናቴን ደጅ አልረግጥም!»

የእናቷን ቋጠሮ በወገቧ ታጥቃ ወጣች። ጎረቤቷ ድርባ ተከተላት። በጅሮንዱም የንጉሡን ገመዶች የሚቋጥረውን ሽማግሌ ሊቀ ገመድ አውዛንን መንገድ መሪ አድርጎ ላከላቸው።

«ሰውዬው ተራራውን እንደ ጓሮው ነው የሚያውቀው፤» አለ ድርባ በጆሮዋ። «አውሬ ያለበትን ጓሮ ማን ያዘወትራል?»

በተራራው መንገድ ላይ ካለ የገመድ ድልድይ ሲደርሱ ዘምሪት ቆመች። «አባቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«ፈራሽኝ እንዴ ልጄ?» ብሎ ሳቀ። ደረቅ፣ እንደ ሳል ያለ ሳቅ።

በልጅነቷ ከመጋረጃው ወዲያ የሰማችው ሳቅ ነበር፤ ጦሯን ከትከሻዋ አውርዳ ተከተለችው።

ከድልድዩ ማዶ ያገኙት ዐውላ ክንፉ ገደሉን የሚያለብስ ፍጡር ነበር። አፍንጫው በገመድ ተጠፍሮ፣ ዓይኖቹ እንባ አቅርረው ተኝቷል። ዘምሪት ቋጠሮውን አየች፤ ወገቧ ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ነው። የእናቷን ቋጠሮ ፈታች። ሽው የሚል ነገር እንኳ አልወጣም።

ጦሯን ወደ ሽማግሌው አዞረች። «እኔ ሕፃን ሳለሁ፣ ከግምጃ ቤቱ መጋረጃ ወዲያ ለበጅሮንዱ ምን ብለው መለሱለት?»

አውዛን አንገቱን ደፋ። «‹አዋጁን ስጣቸው፤ ነፋሱን እኔ አስርልሃለሁ።› እናንተ በላባችሁ መሬቱን ታቀናላችሁ፤ መዘውሩ ሲቆም ለከሰል ነጋዴ ይሸጣል። አሁን ገመዱ እየላላ መጣ፤ ነፋሱ የዚህ አውሬ እስትንፋስ ነውና ከተፈታ ይመለሳል፤ ስለዚህ አውሬው በእጃችሁ እንዲሞት ተፈለገ።»

ድርባ ገመዱን በሰይፍ ቢመታው ሰይፉ ተሰበረ።

«ባዶውን ማንም ይፈታዋል፤ ነፋስ ያለበትን የሚፈታው ያሰረው እጅ ብቻ ነው፤» አለ አውዛን። «የመጀመሪያው እስትንፋስ ግን ፈቺውን ወደ ገደል ይዞት ይሄዳል።»

«አልገድልዎትም፣ አባቴ፤» አለች ጦሯን አውርዳ። «የሚያይዎት አምላክ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ታሰረው ዐውላ ቀረበ። በኋላ የሹመት ቀለበቱን አውልቆ ሰጣት። «ያልኩትን ለንጉሡ ንገሪ። ውረዱ፤ ዋሻ ፈልጋችሁ ተጠለሉ።»

«አመለጠን እኮ!» አለ ድርባ በዋሻው ውስጥ። የዘምሪትም ልብ ሽማግሌውን አላመነውም ነበር፤ ተራራው እስኪያገሳ ድረስ። ከነፋሱ ጋር የአውዛን ነጭ ኩታ በፊታቸው አልፎ ወደ ገደሉ ወረደ።

ከተማው ሲደርሱ የእናቷ መዘውር እያጓራ ይዞራል። ዘምሪት ግን ወደ ቤት አልገባችም፤ ወደ ቤተ መንግሥት ሄዳ ቀለበቱንና የፈታችውን የእናቷን ባዶ ገመድ በዙፋኑ ፊት አኖረች፤ የሽማግሌውን ቃል አንድ ሳታስቀር ተናገረች። በጅሮንዱ አፉን ሊከፍት ሲል ንጉሡ በእጁ ከለከለው፤ ባዶውን ገመድ አንሥቶ ደጋግሞ ዳበሰው።

«በእርስዎና በእኛ ፊት ካልተፈታ ከእንግዲህ የግምጃ ቤት ቋጠሮ አንቀበልም፣ ጃንሆይ፤» አለች ዘምሪት።

«ይሁን፤» አለ ንጉሡ። «የምሰጣችሁን ሁሉ በአደባባይ፣ በገዛ እጄ ፈትቼ እሰጣችኋለሁ።»