ባል የሞተባት የማትለው ቃል

የምነግራችሁ የሆነውን ነው፤ ማመኑ የእናንተ ፈንታ ይሁን።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ከሴፒክ ወንዝ ጀርባ ባለው ረግረጋችን፣ ከታላቅ እህቴ ከምባንዲ ጋር ከዘንባባ ግንድ ፍቀን ያጠብነውን ሳጎ፣ የገንፎ ዱቄታችንን፣ ታንኳ ላይ እንጭናለን። ባሏን ካምቡን ወንዙ ከወሰደው ጨረቃ እንኳ አልተለወጠችም። የሐዘን ገመዷ አንገቷ ላይ ነው።

ገመዱ እስኪቆረጥ፣ በእኛ ወግ፣ ባል የሞተባት ሴት «እኔ» እንጂ «እኛ ሁለታችን» አትልም። ያ ቃል በአባቶቻችን ቋንቋ በተገጠሙ ከንፈሮች ንዝረት የሚጀምር ቃል ነው። ካመለጣት፣ አብሯት ያለው ሰው ያንኑ ቃል ፈጥኖ መልሶ የሁለተኛውን ቦታ መያዝ አለበት።

አለዚያ ሟቹ ይይዘዋል... ብቻውንም አይመለስም።

«ክንድሽ የሳጎ ገንፎ ሆኗል፤ ከተማ የሚያስተምረው ይኸንን ነው?» አለችኝ።

«አንቺ ቁጭ ብለሽ መሳደቡን ማን አስተማረሽ፣ እትዬ?»

ሳቀች። ካምቡ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች።

«በይ በቃ፣ እኛ ሁለታችን እንሂድ።»

እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ...

አፏን በመዳፏ ከደነች። «ሶማይ... መልሺልኝ። ቶሎ።»

ከንፈሬን ገጥሜ ነፋሁ። ባዶ ትንፋሽ ወጣ። ያ ድምፅ በከተማ ትምህርት ቤት ዘመኔ ከአፌ ጠፍቷል።

በከተማው ቋንቋ «አለሁ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

ከማዶ፣ ከሰመጡት ግንዶች መካከል፣ የከንፈር ንዝረት ተሰማ። ጥርት ያለ፣ እንከን የሌለው።

ቀጥሎም ቃሉ።

«እሱ ነው?» አልኳት።

«ቅዘፊ።»

ታንኳው ላይ ዘለን ወጥተን፣ እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነን ወደ ወንዙ ቀዘፍን። ታንኳው ከብዶ ውሃው በጠርዙ ሊገባ ደረሰ። ሳጎውን በሙሉ ወደ ወንዙ ጣልኩት።

ታንኳው ግን ቀና አላለም።

«እትዬ፣ አውሪኝ።»

«አለሁ...» ድምፅዋ እንቅልፍ እንደሚጥለው ሰው ነበር።

ዳርቻው ስንደርስ ዘልዬ ወርጄ እጄን ዘረጋሁላት።

«ነይ። እባክሽ።»

አላየችኝም። የምታየው እኔ የተነሳሁበትን መቀመጫ ነበር።

«እኛ ሁለታችን ቆይተን እንመጣለን» አለች፣ በእርጋታ።

ታንኳው ከዳርቻው ተላቀቀ። እኔ ስወርድ ቀና ማለት የነበረበት የፊት ጫፉ እንደተደፋ ነው።

የእህቴ መቅዘፊያ ጉልበቷ ላይ አርፏል፤ የእኔ በእጄ ነው...

ታንኳው ግን ሽቅብ፣ ከወንዙ ፍሰት በተቃራኒ፣ ይሄድ ነበር።