ሁለተኛው ረድፍ

ሰውየው የሞተው አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሺህ ሰው ሲያጨበጭብ ነው። የሙዚቃውን ዝግጅት ያዘጋጀው እሱ ራሱ ነበርና ጭብጨባው ግማሹ የእሱ ነበር ማለት ይቻላል። በዚያች ሰዓት ግን ከአዳራሹ ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ፣ በአንድ ፒካፕና በአንዲት ነጭ የቤት መኪና መካከል ደረቱ ተጨፍልቆ ቀርቶ ነበር።

ጋሽ ፊሽካ ጩኸቱን ሲሰማ ታችኛው በር ላይ ነበር። የማቆሚያው ጠባቂ ነው፤ ስሙን ያወጣችለት ከአንገቱ የማትለየው ፊሽካው ናት። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በየመስኮቱ ለሚለማመጡት ባለመኪናዎች «ሞልቷል ጌታዬ! ሞልቷል እመቤቴ! አናቴ ላይ አላቆማችሁ፣ ምን ላድርግ!» ሲል ድምፁ ተዘግቷል። ሮጦ ደረሰ። ስድስት ጎረምሶች ታኮዋን አንስተው ነጯን መኪና ወደ ታች ሊገፉ ይታገላሉ፤ ንቅንቅ አልል ብላለች። ፒካፑን ወደ ላይ እንዳይመልሱት ጄኔሬተር ተጭኖበታል፣ መሬቱም ዳገት ነው። በዚህ መሃል የሟቹ ታናሽ ወንድም «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ መጣ። ነጯ መኪና የእሱ ናት። በሩን ከፍቶ ዘሎ ገባ፣ ጎንበስ አለ፣ መኪናዋም ያኔ ተንሸራታ ለቀቀች፤ ጎረምሶቹ ፒካፑ እንዳይከተላት ተደግፈው ያዙት። ያልታደለው ሰው መሬት ላይ ተዘረረ። ትንፋሽ አልነበረውም።

ከዚያ የሁሉም ዓይን ከግንቡ ሥር ወደ ወደቀ አንድ ድንጋይ ዞረ። ጋሽ ፊሽካም አየውና አወቀው። ከፒካፑ ጎማ ሥር መኖር የነበረበት ታኮ ነው።

ኢንስፔክተሯ የደረሰችው ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ በእግሯ፣ እያለከለከችና እየተነጫነጨች ነው።

«ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞርኩት!» አለች በር ላይ ለቆመው ፖሊስ። «ለመርማሪ እንኳን ማቆሚያ ይጥፋ? ዳቦ ቤቱ ጋ ጥዬው መጣሁ።»

አስከሬኑን ብዙ አየችው። ሟቹ የተያዘበት ቦታ ላይ እሷም ቁጢጥ አለች። የነጯን መኪና አፍንጫ በአውራ ጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችና ተነሳች። ጋሽ ፊሽካ ከጥበቃ ክፍሉ መስኮት ይህን ሁሉ ሲያይ፣ መቼ ነው ካቴናው የሚመጣው እያለ ነበር የሚጠብቀው።

ገብታ ገና ሳትቀመጥ «እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ልጄ» አላት።

«ቆይ፣ አይቸኩሉ አባት። እኔ ለአንድ መኪና ቦታ አጥቼ፣ እዚህ ግቢ ይሄ ሁሉ መኪና እንዴት ገባ?»

ስለ ሥራው መጠየቁ ትንሽ ነፍስ ዘራበት። «ቦታው የሰማንያ ነው። የዝግጅት ቀን ግን መቶ ሃያ አስገባለሁ። አንደኛው ረድፍ ግንቡን ይዞ ይቆማል። ሁለተኛውን ረድፍ ከፊታቸው አግድም እደረድራለሁ። እነዚህኞቹ ማርሽ አይገባባቸውም፣ ፎሌ ላይ ናቸው፣ የእጅ ፍሬን የሚባል የለም፤ ጎማ ሥር ድንጋይ ታኮ ብቻ። ውስጥ ያለው ልውጣ ሲል፣ ታኮውን አንስቼ የፊተኛውን በእጄ ገፋ አድርጌ አሳልፈዋለሁ።»

«ሰዉ ፍሬን ይዞ ቢሄድስ?»

«ሲያምረው ይቀራል! በእጄ ገፍቼ ካልተነቃነቀች ባለቤቱን አልለቀውም። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት።»

«ዛሬስ ያስወጡት ሰው ነበር?»

«አንዲት አዋላጅ ነርስ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምጥ የያዛት ሴት አለች ተብላ ተጠራች። ነጯን መኪና ወደ ታች ሁለት እርምጃ ገፋሁላትና ወጣች።»

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን። ቀላል ናት።» ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። «ጥፋቴም እዚያ ላይ ነው። ነጯን መልሼ ታኮ አደረግኩላት። ግን የራሷን ድንጋይ ነው ወይስ የፒካፑን አንስቼ? አላስታውስም ልጄ። ባስበው ባስበው ጭልም ይልብኛል!»

ይህን ጭለማ ያባሰችበት ደግሞ የገዛ ልጁ ናት። አዳራሹ በር ላይ ትኬት ተቀባይ ነች። ቀድሞ ለደረሰው ፖሊስ ቃሏን ስትሰጥ ሰምቷታል፤ «አባቴ ሰሞኑን ይረሳል። ባለፈው ሳምንት የቤቱን ቁልፍ ስኳር ዕቃ ውስጥ ነው ያገኘነው። ሥራውን ተው ብዬው ነበር» ስትል። ለሱ ብላ ነው፤ ሽማግሌ ነው ብለው ይተዉታል ብላ። ይገባዋል። ግን አንጀቱ ቁርጥ ነው ያለው። ሰው መግደል አንድ ነገር ነው፤ ሰው ገድሎ አለማወቅ ግን፣ ኧረ እሱስ አይጣል ነው።

ኢንስፔክተሯ እዚያው ጥግ አግዳሚው ላይ እንዲቀመጥ ነግራው የፒካፑን ባለቤት አስጠራች። የድምፅ ባለሙያው ነው፤ አፉ የማያርፍ ወፍራም ሰውዬ።

«ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጣልተህ ነበር አሉ።»

«ተጣልተናል፣ ምን እደብቃለሁ! ማይክራፎንህ ይጮሃል ብሎ በሰው ፊት አዋረደኝ። ታዲያ ሰው ለማይክራፎን ብሎ ይገድላል? ደግሞ እኔ ከመቆጣጠሪያዬ ለአንድ ደቂቃ ብነሳ ሁለት ሺህ ሰው ነው የሚያውቀው። ድምፅ ተቋርጧል?»

«አልተቋረጠም አሉ።»

«በይ እንግዲህ!» አለና ወደ ጥግ ዞረ። «አይዞን ጋሼ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

የሟቹ ወንድም ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል፤ ሸሚዙ ላይ የወንድሙ ደም አለ። ኢንስፔክተሯ ወንበር ሳበችለት።

«ከአዳራሹ መቼ ወጡ?»

«ጩኸት እስክሰማ ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም።»

«የመኪናው ቁልፍስ?»

«ከኪሴ አልወጣም።»

«ለማንም አልሰጡም?»

«ለማን እሰጣለሁ?»

«አፍንጫዋ ቀለም ተቀብቷል ልበል?»

«እ… ቆይቷል። ከግንብ ጋር ተነካክታ ነው።» እንባውን ጠረገና ወደ ጋሽ ፊሽካ ተመለከተ። «እባካችሁ አባባን አታስጨንቋቸው። እርጅና ነው። እኔ አልከሳቸውም፣ ይቅር ብያቸዋለሁ።»

ጋሽ ፊሽካ ይህን ሲሰማ አልቻለም። ተነስቶ እግሩ ላይ ወደቀ። ወጣቱም ክንዱን ይዞ አነሳው። ኢንስፔክተሯ ስልኳን ይዛ ወጣችና አንድ ሁለት ቦታ ደወለች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል አራቱንም ማቆሚያው ላይ ሰበሰበቻቸው፤ ጠባቂውን፣ ሴት ልጁን፣ የድምፅ ባለሙያውንና ወንድምየውን። ፖሊሶች ሁለቱን መኪናዎች ወደ ቦታቸው መልሰዋቸዋል። ፖሊስ ከወጠረው ገመድ ወዲያ መኪናው የታገደበት ሕዝብ ጥሩምባውን ያንባርቃል።

«አጭር አደርገዋለሁ፤ እኔም መኪናዬ ሳይነሳብኝ» አለች። «አባት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፒካፑን ታኮ ረስተውታል እንበል።» ለፖሊሶቹ ጠቀሰች። አንዱ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ሲያወጣ ፒካፑ ወዲያው ቁልቁል ተንደረደረ፤ አራት ፖሊሶች ተረባርበው ያዙት። «አያችሁ? ለአንድ ትንፋሽ እንኳን አልቆየም። ሰውየው የሞተው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ታኮ የሌለው መኪና ሰው እስኪመጣለት አንድ ሰዓት ተኩል ቆሞ ይጠብቃል እንዴ? ድንጋዩን ያነሳው ሰው ሟቹ እዚህ እያለ ነው ያነሳው።»

ጋሽ ፊሽካ ፒካፑንና ድንጋዩን እያፈራረቀ አየ። አላመነም። ተስፋ ማድረግ ራሱ አስፈራው።

«ሁለተኛ፣ ነጯ መኪና። እሷም ፎሌ ላይ ብትሆን ኖሮ፣ ያ ጄኔሬተር የጫነ ፒካፕ ሲገጫት ታኮዋን ዘልላ አብራው ትሸሽ ነበር። ሰውየው ይጎዳል፣ ግን ይተርፋል። ገዳይዋ ነጯ ናት፤ አልሸሽም ብላ። ለምን? ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ገፍተዋታል፤ አዋላጇን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። አሥር ተኩል ላይ ስድስት ጎረምሳ አቃተው። በመሃሉ አንድ ሰው ከፍቶ ገብቶ የእጅ ፍሬን ይዟል።»

«ያለ ቁልፍ ደግሞ አትከፈትም» አለ የድምፅ ባለሙያው፣ አፉ እንደተከፈተ።

ወንድምየው ጣልቃ ገባ። «ምናልባት… መጀመሪያ ሳቆም ይዤው ይሆናል።»

«እና አባት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የገፉት ምንድን ነው? አየር?»

ወጣቱ ከነጯ መኪና አንድ እርምጃ ራቀ።

«አሁን ሦስተኛው» አለች፤ አነጋገሯም ከእርስዎ ወደ አንተ ወረደ። «ቆሞ የነበረ ሰው ጭኑን ነው የሚመታው። ወንድምህ ደረቱን የተመታው ቁጢጥ ብሎ ስለነበር ነው። ምን ሊያይ? ይህን አፍንጫ። ቀለሙ ገና ጣት ላይ ይይዛል፣ አንተ ግን ቆይቷል አልከኝ። ባለፈው ወር አንድ እግረኛ ገጭታ ያመለጠች ነጭ መኪና እየተፈለገች ነው። ወንድምህ ዛሬ ጠዋት የጻፈልህን ከስልኩ አግኝቼዋለሁ፤ ‹እስከ ሰኞ ራስህ ካልሄድክ እኔው እናገራለሁ። ጥለኸው የሄድከው ሰው ነው› ይላል። ‹ና እየው፣ የገጨችው የእኔ መኪና አይደለችም› ብለህ ጠራኸው። እሱም አምኖህ ጎንበስ አለ።»

«አልገፋሁትም!» ብሎ ጮኸ ወጣቱ። «እምላለሁ፣ በእጄ አልነካሁትም! ድንጋዩን ብቻ ነው በእግሬ…»

«ፍሬኑንስ?»

ወጣቱ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ለመንኩት እኮ» አለ። «እንደ ወንድም ለመንኩት።»

ጋሽ ፊሽካ የወጣቱን አንገት አንቆ ሊይዘው ተመኘ። ይቅር ብያለሁ ያለው አፍ! እሱም እግሩ ላይ ወድቆለት ነበር። ግን ፖሊሶቹ ሲወስዱት ቢያየው፣ ቁጣው የት እንደገባ አላወቀም። ሁለት የእናት ልጆች፣ አንዱ አስከሬን አንዱ እስረኛ። የእናታቸው ነገር ትዝ አለው።

«አባት፣ ነጻ ነዎት» አለችው ኢንስፔክተሯ እጁን ጨብጣ። «ይሄን ሕዝብ አስወጡልኝ፤ ጆሮዬ ሊደነቁር ነው።» እያለከለከች ወደ ዳቦ ቤቱ አቅጣጫ ሄደች።

ልጁ ግን አልሄደችም። ከፊቱ ቆማ ቀና ብላ ልታየው አቃታት።

«አባዬ… ለፖሊሱ ያልኩትን…» እንባዋ ቀደማት። «ማረኝ። እንዴት በአንተ ላይ ይሄን አመንኩ!»

ሳብ አድርጎ ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ አስደገፋት።

«ተይ፣ አታልቅሺ። አንቺ ምን አጠፋሽ» አላት። «እኔው ራሴ አምኜው የለም እንዴ።»