ባዶ ያልተመለሰ ቅል

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት የካቲት ሊያልቅ ሲል፣ ከጂንካ ቁልቁል ያለው ቆላ የበልጉም የመኸሩም ዝናብ ቀርቶበት፣ ምድሩ ተሰነጣጥቆ፣ የማሽላው አገዳ በቁሙ ደርቆ ነበር፤ ደጋው የአሪ አገር እንሰቱን ይዞ እንደ ምንም ውሎ ቢያድርም፣ በአልዱባና ከአልዱባ ወዲያ ያለው የበና ሰው ከብቱ አልቆበት፣ የቀሩትን ፍየሎች እየነዳ ከዱር ዱር ይንከራተት ነበር። በከተማው የተቋቋመው የእርዳታ ኮሚቴም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልተኛም፤ ይሰበሰባል፣ ይወያያል፣ ለሚቀጥለው ስብሰባም ቀን ይቆርጣል።

በዚያ ወራት በጂንካ እንቅልፍ ያጣች አንዲት ሴት ነበረች፤ ስሟ ወይዘሮ ባዩሽ ሲሆን፣ የግራዝማች ገብረ ማርያም ልጅ፣ የሟቹ የእህል ነጋዴ የአቶ ወልደ ጊዮርጊስ ሚስት የነበረች ናት። አባቷ ከሰሜን መጥተው የያዙት መሬት በስድሳ ሰባቱ አዋጅ ሲወረስ፣ ለእርሷ የተረፈላት ግቢዋና አንዲት የናፍጣ ወፍጮ ብቻ ነበር። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በዚያች ወፍጮ ቤት ነው። ከቆላ የወጣች አንዲት ሴት ከደጃፉ ላይ ወድቃ፣ የፈሰሰ ዱቄት ከነአፈሩ ስትልስ ባዩሽ አየች፤ «ኧረ የጌታ ያለህ! ይህን አይቶ ዝም ማለት ከፈጣሪ ያጣላል» ብላ አንድ ባዶ በርሜል ከማዕዘኑ አቆመች፤ ያለችው ይህን ብቻ ነው፤ ሰውም አየና ገባው። ሊያስፈጭ የመጣ፣ ያለው አንድ ጣሳ፣ የሌለው አንድ እፍኝ ከእህሉ ቆንጥሮ ይጥል ጀመር። የማርያም ማኅበርተኞቿ «ለእመቤቴ» እያሉ ይጥላሉ፤ ጸሎት ቤታቸው የታሸገባቸው የአሪ ጴንጤዎችም «ለጌታ» እያሉ ይጥላሉ፤ እነዚህ ሁለቱ በደኅናው ቀን በአንድ ማዕድ የማይቀርቡ፣ ሰርግ ላይ እንኳ ጎን ለጎን ላለመቀመጥ ቦታ የሚያማርጡ ነበሩ። በርሜሉ ውስጥ ግን እህላቸው ተደባለቀ።

በርሜሉ ሲሞላ ወደ ጆንያ ይገለበጣል፤ ጆንያውም ከወፍጮው ጀርባ ከፉርሽካ ክምር ሥር ይደበቃል። ከዚያ የሚያወጣው ኤርጎ ነበር፤ ኤርጎ የአሪ ገበሬ፣ የዚያው የታሸገ ጸሎት ቤት ሽማግሌ፣ ከቁመቱ ይልቅ ዝምታው የሚረዝም ሰው ነው። ጎህ ሳይቀድ አህዮቹን ጭኖ፣ ጆንያውን በኮባ ቅጠል ሸፍኖ፣ ኬላውን በእግር መንገድ ዞሮ ወደ አልዱባ ይወርዳል።

በዚያ ዘመን ያለ ፈቃድ እህል ማከማቸትና ከኬላ ማሳለፍ አሻጥር ይባል ነበር፤ ጆንያው ከግራዝማች ልጅ ግቢ ሲገኝ ደግሞ ምን እንደሚባል መገመት አያዳግትም። እርሷ ብትታሰር አንድ ነገር ነው፤ ክምሩ ከተገኘ ግን ይወረሳል፣ ታሽጎ ለማስረጃ ይቀመጣል፣ የአልዱባ ሰዎችም እስከ ዝናቡ አይደርሱም። ባዩሽን ከአልጋዋ የሚያስነሳት ይህ ሐሳብ ነበር። በር በተንኳኳ፣ የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ፉርሽካው ትሮጣለች፤ ደርሳ ምን ልታደርግ እንደሆነ ግን እርሷም አታውቀውም።

አንድ ቀን ኤርጎ ከአልዱባ ሲመለስ በእጁ አንድ ቅል ይዞ ገባ፤ ቅሉ ማር የሞላበት ነበር።

«እትዬ፣ ይህን ላኩልዎ» አላት።

«ማን ነው የላከው?»

«ሙጋ ይባላል፤ የአልዱባ ሽማግሌ ነው። እህሉ የማን ነው ብሎ ያዘኝ። የሰጪውን ስም ካልሰማሁ አልቀበልም፣ እኛ ለማኝ አይደለንም ብሎ፣ የተራቡ ልጆቹ እያዩት ጆንያውን ወደ እኔ መልሶ ገፋው። ምን ላድርግ? ነገርኩት።»

«ስሜን? ስሜን ነገርከው? አንተ ሰው፣ ልታስጨርሰኝ ነው እንዴ!»

«ካልነገርኩት አይበሉም፣ እትዬ።»

ባዩሽ እጇን በአፏ ጭና ቆመች። ቀጥሎም፣ የተራበ ሰው ማር መላኩ አንጀቷን ስለበላት፣ ማሩን ገልብጣ ቅሉን አጠበችና ጨው ሞላችበት፤ የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር መሆኑን ከእናቷ ጉያ ሳለች ጀምሮ ታውቃለችና። ኤርጎ ጨው የተሞላውን ቅል አይቶ አንድ ነገር ሊናገር ከንፈሩን አላቀቀ፤ የጎረቤት ሰው ነውና የበናን ወግ ያውቀዋል፤ ኋላ ግን ማርና ጨው ነው፣ ምን ይመጣል ብሎ ተወው። ምነው ያን ጊዜ ተናግሮ ቢሆን!

በሙጋ አገር ማር ልኮ ጨው የተመለሰለት ሰው ወዳጅ አገኘ ማለት ነው፤ ወዳጅነት ደግሞ እንደ ከተማ ሰው እንደምን ዋልክ ተባብሎ ማለፍ አይደለም፤ አንዱ ሲራብ ሌላው ያበላል፣ አንዱ ሲሞት ልጁ ወዳጅነቱን ይወርሳል፣ ወዳጅም የወዳጁን ደጃፍ በእግሩ ሳይረግጥ ዓመት አይዞርም። ባዩሽ ይህን ከየት ታውቀው? እርሷ ዕቃ መለሰች፤ እርሱ ቃል ተቀበለ።

በመጋቢት አጋማሽ፣ በቅዳሜ ገበያ ቀን፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወንድሙ አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ወደ ወፍጮ ቤቱ መጣ። ወንድሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በላዩ ያሉትን የሚፈራ፣ ሲፈራም ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው ነበር።

«ወይዘሮ ባዩሽ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን ዋሉ፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

«አልዱባ ውስጥ ሰው እህል እየበላ ነው ይባላል» አለ ወንድሙ፣ ሰው እህል መብላቱ ወንጀል ይመስል ፊቱን አጥቁሮ። «ኮሚቴያችን ገና አልላከም። እንግዲህ ከሰማይ አልወረደም።»

«ከበላማ እሰየው ነው እንጂ፣ ጓድ።»

«እሰየው አይባልም! በረሃብተኛ ላይ የሚነግድ አሻጥረኛ አለ፤ እህል እየሰጠ ፍየል ይሰበስባል። ምንጩ ከዚህ ከተማ ነው ተብሏል። ግቢዎን እናያለን።»

ባዩሽ የወፍጮውን አፍ ይዛ ቆመች። ይህን ጊዜ ጎረቤቷ ጥሩዬ ነጠላዋን እየጎተተች እየሮጠች ገባች።

«እትዬ ባዩሽ! ኧረ ውጪ፣ ከደጅሽ ጉድ መጥቷል!»

ወጥተው ቢያዩ አንድ ረጅም ሽማግሌ ከበሩ ፊት ቆሟል፤ ጸጉሩ በጭቃ ተሠርቶ ላባ ተሰክቶበታል፣ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። በአንድ እጁ ዳግም ማር የሞላበትን ያንኑ ቅል፣ በሌላው ትንሿን የእንጨት መቀመጫውን ይዟል። ከኋላው ጎልማሳ ልጁ ከድርቁ የተረፉ ከሲታ ፍየሎች በገመድ ይዟል፤ ገበያተኛው ሁሉ ከበባቸው። ሽማግሌው ባዩሽን አይቶ አያውቅም፤ ግን ጥሩዬ ስሟን እየጠራች ስታስወጣት ሰምቶ ነበርና፣ ከሴቶቹ መካከል ወደ እርሷ ቀጥ ብሎ አየ፤ ፊቱ በፈገግታ በራ፤ ስሟን በራሱ አነጋገር ጠራ።

«ተፈሪ!» አለ ወንድሙ፤ ተፈሪ እናቱ የበና ሴት የሆነች አብዮት ጠባቂ ነበር። «ምን ፈልገህ መጣህ በለው።»

ተፈሪ ጠየቀና፣ «ሙጋ እባላለሁ፣ ወዳጄን ልጠይቅ መጣሁ ይላል። ወዳጁ እትዬ ባዩሽ ናቸው» አለ።

«ፍየሎቹስ?»

«የወዳጄ ናቸው ይላል።»

«እንዴት ያለ ወዳጅ ነው! ምን ሰጠችህ በለው፤ የምን ዋጋ ነው በለው!»

ተፈሪ ተናገረ። ሙጋ ግንባሩን ቋጠረና ዝም አለ። ደግመው ጠየቁት፤ ዝም አለ። የአብዮት ጠባቂው ጠመንጃ ወደ ደረቱ ሲዞርም ዝም አለ።

«አይናገርም፣ ጓድ» አለ ተፈሪ አፍሮ። «በእነሱ ዘንድ ወዳጅ የሰጠውን በወዳጅ ደጅ ላይ መጥራት ነውር ነው።»

ወንድሙ ወደ ባዩሽ ዞረ። «እርስዎ ይንገሩኝ እንግዲህ። ይህን ሰው ያውቁታል?»

ባዩሽ የሽማግሌውን ዓይን አየች፤ ከዓይኑ ውስጥ ጥርጥር የሚባል ነገር አልነበረም። አውቀዋለሁ፣ ወዳጄ ነው ብትል ክብሩ ይጠበቃል፤ እርሷም ታስራ እፎይ ትላለች፤ ከጭንቀቱ መገላገሉስ በስንት ጣዕሙ! ግን ግቢው ይፈተሻል፣ ፉርሽካው ይገለበጣል፣ እህሉ ይታሸጋል፤ ይህ ሰውና ይህ ልጁ ክብራቸውን ይዘው ይሞታሉ። እመቤቴ ሆይ፣ ምነው እኔን ከዚህ ፊት ባነሳሽኝ አለች በልቧ።

«አላውቀውም» አለች፤ ዓይኗን በጨው አጥባ። «ቤት ተሳስቶ ይሆናል።»

ተፈሪ ቃሏን ተረጎመ። ሙጋ መጀመሪያ የሰማው አልመሰለም፤ ቅሉን ወደ እርሷ ዘረጋ፤ እርሷም እጇን ከነጠላዋ ሥር ደበቀች።

«ካላወቁት» አለ ወንድሙ፣ «ከነፍየሎቹ ከደጅዎ ያባርሩት። በራስዎ እጅ።»

ባዩሽ በር የምትሸጉርበትን ዱላ አነሳች። አንዷን ፍየል መታች፤ ፍየሏ ጮኸች፤ ሌላዋንም መታች። «ሂድ! ሂድልኝ!» አለች፤ ሁለተኛው ቃል የልመና እንጂ የቁጣ አይመስልም ነበር፤ ግን ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ዱላውን ነው የሚያየው። ሙጋ ቀስ ብሎ የቅሉን ክዳን ከፈተ፤ ማሩን ከደጃፏ አፈር ላይ አፈሰሰው፤ እስኪያልቅ ጠበቀ፤ ከዚያም ጀርባውን ሰጥቷት፣ ልጁንና ፍየሎቹን አስከትሎ ሄደ። ከገበያተኛው ማንም አልሳቀም። ወንድሙም ያደረገው ነገር ራሱን ሳያሳፍረው አልቀረም፤ «ግቢውን ሌላ ጊዜ እናያለን» ብሎ አጎንብሶ ሄደ፤ ሌላ ጊዜም አልመጣም።

አመሻሹ ላይ ኤርጎ ሰምቶ መጣ፤ ባዩሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጉንዳን የወረረውን ማር ታይ ነበር።

«እትዬ፣ ምን አደረጉ?»

«የሆነውን ሰምተሃል። ከእንግዲህ እህሉ የአንተ ነው፤ የእሷ ቀርቷል፣ ይህ ከአሪ ነው በላቸው። ሙጋ የእኔ መሆኑን ካወቀ ሞቶ ይገኛል እንጂ አይቀምሰውም።»

«መዋሸት ኃጢአት ነው፣ እትዬ።»

«እኔ ዛሬ የሠራሁትስ ምንድን ነው? ጴጥሮስ እንኳ የካደው ለገዛ ነፍሱ ፈርቶ ነው፤ አልቅሶም ታረቀ። እኔ ማንን ሄጄ ልታረቅ? አንተ ወንድሜ፣ እባክህ ኃጢአቱን ተካፈለኝ፤ ብቻዬን ከበደኝ» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና አለቀሰች።

«እሺ» አለ ኤርጎ።

በነጋታው አህዮቹን ጭኖ ወረደ። ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ጣለ፤ እህሉ እስከ አዲሱ ማሽላ እየተቆነጠረ ደረሰ፤ ሙጋም ለኤርጎ ማር ላከ፣ ኤርጎም ጨው መለሰ፣ ሁለቱም ወዳጅ ሆኑ።

መንግሥት በተለወጠበት በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በነሐሴ ወር፣ ባዩሽ ጸጉሯ ሸብቶ፣ ኤርጎን ተከትላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አልዱባ ገበያ ወረደች። ሙጋ ሞቷል። ያ ፍየል ጎታች ልጁ አሁን ባለ ትዳር ሆኖ ማር ይሸጣል፤ ኤርጎን ሲያይ ዘሎ አቀፈው፤ ከኋላው ያለችውን ሴት ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ፤ የማር ቅሉን አፍ በእጁ ከደነና ጀርባውን ሰጣት።

«ልንገረው?» አለ ኤርጎ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «አሁን እኮ የሚያስፈራ ሰው የለም። ልንገረው፣ እትዬ።»

«ምን ልትለው? አባትህ ከከዳችው ሴት እጅ ሲበላ ኖሮ ሞተ ልትለው ነው? ሙጋ አንተን ወዳጄ ብሎ አፈር ገብቷል። ተወው፣ በሰላም ይረፍ።»

በዚያው በድርቁ ዓመት በከተማው ስብሰባ ላይ የአልዱባ ሕዝብ የዳነው ኮሚቴው በወቅቱ ባደረገው ርብርብ ነው ተብሎ ተነግሯል፤ ለጓድ ወንድሙም ተጨብጭቦለታል። በአልዱባ ደግሞ በዚያ ክፉ ዘመን የአሪው ኤርጎ እንዴት እንዳበላቸው እሳት ዳር ይወራል፤ ወሬው ሲያበቃም፣ ወዳጇን በዱላ ከደጇ ያባረረች አንዲት የጂንካ ሴት ትነሣለች፤ ልጆች ክህደት ምን እንደሆነ የሚማሩት በእርሷ ነው። ያን በርሜል የሞሉት ማኅበርተኞችና ጴንጤዎችም በየፊናቸው ረሱት። ታሪክ የሚይዘው ሰው ያየውን ነው፤ በዚያ ቅዳሜ ሰው ያየው ደግሞ ዱላውን ነበር።

በዚያ በነሐሴው ዕለት፣ በአልዱባ ገበያ፣ የሙጋ የልጅ ልጅ የሆነ አንድ ሕፃን፣ አፉ ማር በማር ሆኖ፣ ነጩን ነጠላዋን ሊነካ ወደ ባዩሽ ተጠጋ፤ አባቱ ተቆጥቶ ጠራው። ባዩሽም እጇን ሳትዘረጋ ቆማ አየችው፤ ሕፃኑ ረሃብ ባላወቃቸው ወፍራም እግሮቹ እየሮጠ ወደ አባቱ ተመለሰ።