የኮቱ ሦስተኛ ቁልፍ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ፲፰፻፹፪ ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ የመኮንኖቹ አመፅ ካይሮ ውስጥ ከከሸፈ ሁለት ወር ሆኖት ነበር፤ ሹማምንቱም የተደበቁትን መኮንኖች ለማደን በየፎቶግራፍ ቤቱ እየገቡ የሰው መልክ ይለቅሙ ጀመር። ኮርቻ ሰፊው ረድዋን ከወስፌ በቀር ስለት ጨብጦ አያውቅም፤ ነገር ግን በሠርጉ ሰሞን ኸዋጃ ኔርሴስ ከሚባል የውጭ አገር ፎቶ አንሺ ዘንድ ሄዶ፣ በፎቶ ቤቱ የመኮንን ኮትና ጎራዴ ተሽቀርቅሮ ተነሥቶ ነበር። ይህችው ፎቶግራፍ እስር ቤት አስገባችው።

ሚስቱ ባሂያ ፎቶ ቤቱ ድረስ ሄደች።

«ኮቱ ያንተ ነው፤ መጥተህ መስክር።»

«ማንን ምን እንዳለበስኩ በምን አስታውሳለሁ?» አለ ኔርሴስ። «ጎራዴው ያማረው ባልሽ ነው፤ ይቻለው እንግዲህ።»

«ስታለብሰው ‹ረድዋን ቤይ› እያልክ በመኳንንት ማዕረግ ታሽቃብጥ አልነበር? ዛሬ አፍህ ተለጎመ?»

ኔርሴስ ጀርባውን ሰጣት። ፈሪ ነበር፤ ፍርሃቱንም በሌላ ስም አልሸፈነውም። እሷም ኮቱን ከተሰቀለበት መንጭቃ ይዛ ወጣች።

መርማሪው ሹክሪ ቤይ ዘንድ ስትደርስ ረድዋን በሰንሰለት ታስሮ ቆሟል። ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ጌታዬ፣ ሦስተኛውን ቁልፍ ይዩት። ሌሎቹ ላይ ጨረቃ አለ፤ እዚህ ላይ ግን የመርከበኛ መልሕቅ ነው። የባሌ ፎቶ ላይም ያው ነው። ኮቱ የፎቶ ቤት ነው፤ ያልለበሰው የለም።»

ቤዩ ፎቶግራፉን አየ፤ ኮቱን አየ፤ ፊቱም ፈታ አለ። «እውነትሽን ነው» ሊላት ምንም አልቀረው። ባሂያ ግን ቀና ስትል ከራሱ በላይ የተሰቀለውን ትልቅ ፎቶግራፍ አየች፤ ቤዩ በወጣትነቱ፣ ጎራዴ ታጥቆ።

«ይኸው፣ እርስዎም ላይ መልሕቁ አለ» አለች ደስ ብሏት፤ ለባሏ ምስክር ያገኘች መስሏት ነበር።

በክፍሉ የነበሩት ጸሐፊዎች ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ረድዋን ዓይኑን ጨፈነ።

«አንቺ ሴት» አለ ቤዩ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ያንን ኮት የለበስኩት ጦር ሜዳ ነው። የባልሽ ኮትም እሱ ከሆነ፣ እንግዲያው ባልሽ መኮንን ነበር።»

ረድዋን በዚያው ሳምንት ወደ ሱዳን በግዞት ተነዳ፤ በዚያው ቀረ። ኮቱን አቃጠሉት። ሁለቱ ፎቶግራፎች ግን ዘመን ተሻግረው በአንድ መዝገብ ውስጥ ጎን ለጎን ተለጠፉ፤ ከአንዱ ሥር «ጀግና መኮንን»፣ ከሌላው ሥር «አመፀኛ መኮንን» ተብሎ ተጽፏል፤ የሚያያቸውም ሁሉ ያምናል። ኮርቻ ሰፊውን ረድዋንን ግን ፎቶ ያነሣው ማንም አልነበረም።