ሄቪ ሜታል መሀል የሰማሁት የማማ ጥሪ

እኔ ሰው «ጀውሃ ድልድይ ሥር ጂን አየሁ» ሲለኝ «ያየኸው ምርቃናህን ነው» ብዬ የምመልስ፣ በዚህም ከስንቱ ጋር የተቀያየምኩ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ማሾና ሽንኩርት የምነግድ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ይህን ወሬ ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ ስቄ ነበር የማልፈው። ግን ጆሮዬ የራሴ ነው፣ ሰዓቱም ገና ከቀኑ ዘጠኝ ነበር፣ ወላሂ አንድም ቃል አልጨምርበትም።

ታላቅ ወንድሜ ሰይድ በበረሃ አድርጎ ዓረብ አገር ሊገባ ከቤት ከወጣ አራት ዓመት ሆኖታል፣ መንገድ ላይ ሆኖ አንዴ ደወለ፣ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። እናቴ ሞተ መባሉን አትወድም፣ ሽማግሌ ሰብስቤ «ይበቃል፣ ሰደቃው ይውጣለት» ብዬ የተሟገትኳት እኔው ነኝ። በመጨረሻ አንገቷን ደፍታ «እንዳላችሁ» አለች፣ ለሐሙስ ተቀጠረ፣ እኔም የአዲስ አበባ ዘመዶቻችንን በአካል ልጠራ እሑድ በጠዋት ተሳፈርኩ።

አክስቴ ቤት ስደርስ ልጇ ሀያት ጊታሯን አንግታ ልትወጣ ስትል አገኘኋት። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ሄቪ ሜታል የሚባል ሙዚቃ ከጓደኞቿ ጋር ትጫወታለች፣ እናቷ ይህን ስታነሳ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ የሚቀርጸኝ ሰው የለም፣ ስልኬን ይዘህ ቁምልኝ ብቻ» አለችኝ። ለሰደቃ ጥሪ የመጣ ሰው ሙዚቃ አዳራሽ ምን ይሠራል፣ ግን እሷን እምቢ ማለት አልችልም።

አዳራሹ ጥቁር ካናቴራ በለበሰ ወጣት ጢም ብሏል። ዘፋኙ አፉን ሲከፍት የሚታረድ በሬ ድምፅ አወጣ፣ ልጁን ያመመው መስሎኝ ደንግጬ ሀያትን ባያት እሷ ራሷን እየናጠች ጊታሯን ትመታለች፣ ስፒከሩ ደረቴን ይደልቀኛል፣ አጠገቤ ያለው ወጣት ደግሞ «ፋዘር፣ ወንበር ላምጣልዎት?» ይለኛል። አርባ ዓመት ሳይሞላኝ ፋዘር ሆንኩ።

ከዚያ መሣሪያው ሁሉ ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ዘፈኑ እንዲያ ነው አሉ የሚሠራው፣ ጥቂት ዝም ብለው እንደገና ይገባሉ። በዚያች ዝምታ መሀል ሰይድ ሲጣራ ሰማሁት።

ቆላ ላላደገ ሰው ላስረዳ። እኛ አገር ይፋት ውስጥ ማሽላ ሲያሸት ወፍ ጠባቂው ማማ ላይ ይወጣል፣ ከማማ ማማም በጥሪ እንገናኛለን፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጥሪ አለው። የእኛን ከአባታችን ነው የወረስነው፣ ሰይድ ብቻ መጨረሻውን ወደ ላይ ይሰብረዋል። የተጠራ ሰው ደግሞ የግድ ይመልሳል፣ ዝም ካለ እባብ ነድፎታል ተብሎ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ነው የሚሮጠው። እኔም ሳላስበው በሙሉ ጉሮሮዬ መለስኩ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፣ የዘፈኑ አካል መስሏቸው ነው፣ ያ ወጣት «ፋዘር ገደሉት!» እያለ ትከሻዬን ይመታል፣ እኔ ግን በየፊቱ ወንድሜን እፈልጋለሁ። ሲያልቅ በሩ ላይ ቆሜ የወጣውን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ። የለም።

«ጋሼ፣ ካንተ በቀር የጮኸ የለም እኮ» አለች ሀያት። ቀረጻውን ከፈትነው፣ እውነቷን ነው፣ ከእኔ ድምፅ በፊት ምንም የለም። ከእኔ ድምፅ በኋላ ግን፣ መሣሪያው ሊገባ ሲል፣ እዚያ ቆሜ ያልሰማሁት የጅራፍ ጩኸት አለ። ማማ ላይ መልስ ያገኘ ሰው ጥሪውን በጅራፍ ነው የሚዘጋው፣ አንድ ጊዜ ካጮኸ ደህና ነኝ ነው፣ ሁለት ጊዜ ካጮኸ ድረሱልኝ ነው።

«ድራሙ ነው፣ ሲገባ እንዲያ ነው የሚመታው» አለች። ሊሆን ይችላል፣ እኔ ስለ ድራም ምን አውቃለሁ። ቢሆንም ወደ ስልኬ አስላክሁት።

ሸዋ ሮቢት ተመልሼ ቤት ስገባ ለእናቴ ላልነግራት ነበር፣ እሷ ግን ፊቴን አይታ አልለቀቀችኝም። ምንም ሳልላት ቀረጻውን ጆሮዋ ላይ አስጠጋሁላት፣ የእኔን ድምፅ ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች።

«አንተ ሳትጠራ አትመልስም» አለችኝ። «ሰይድ ነው?»

«እንጃ እማ፣ መሰለኝ።»

«ጅራፉን አንዴ ነው ያጮኸው። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው ልጄ።»

ራሷ በባጃጅ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዳ የሐሙሱን ሰደቃ አስቀረች። ሽማግሌዎቹ ዞረው እኔን ቢጠይቁኝ፣ ያ ሁሉ ሙግቴ የት እንደገባ እንጃ፣ «እሷ እንዳለች ይሁን» ብዬ ወጣሁ። አሁን እህል ይበላላታል፣ ጎረቤትም ትጠይቃለች፣ እንዲህ ሆና ካየኋት አራት ዓመት አልፎኛል።

እኔ ሱቄን ዘግቼ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ስንቴ እንደሰማሁት አልነግራችሁም። የጅራፉ ጩኸት ሁለት ነው። ጆሮዬ በድካም ይሆናል እያልኩ በማግስቱም ሰማሁት፣ ሁለት ነው። ይህን ለእሷ የምናገርበት አፍ የለኝም፣ ድረሱልኝ ያለው ደግሞ የት ሆኖ እንደሆነ አላውቅም።